ስፖንጆቹ የተነጠፉበት እሑድ

ስም አልጽፍም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሥራዬ የሰው ስም፣ ዕድሜና ሰፈር አጣርቶ መጻፍ ነበር። እዚህ ግን ስማቸው ቢወጣ የሚጎዱ ሰዎች ስላሉ፣ ቤት ውስጥ እንደምንጠራራው በትውልድ ከተማቸው እጠራቸዋለሁ። አንዷ ደሴዋ ናት፤ አንዷ ጅማዋ።

ቤይሩት የገባሁት እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ነው። ለአንድ የአማርኛ ሬዲዮ ዝግጅት ስለ ቤት ሠራተኞች ተከታታይ ዘገባ ልሠራ ለሦስት ሳምንት መጣሁ። ርካሽ ማደሪያ ሳፈላልግ እነሱ ሳሎናቸውን አከራዩኝ። ቤቱ ባውሽሪዬ የሚባል ሰፈር ነው፤ ከጎማ ጥገና ቤት በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ውስጥ። በአራተኛው ወር ዘገባውን እንደማልሠራው ለአለቃዬ ጻፍኩ። አብሬያቸው የምበላ ሰዎችን መዘገብ አልችልም አልኩት። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው አይደለም። ያልጻፍኩለት እኔም እንደ እነሱ ዜጋ መሆኔን ነው። በእኛ መካከል ዜጋ ማለት ሴት ሆና ሴት የምትወድ፣ ወንድ ሆኖ ወንድ የሚወድ ማለት ነው። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው መጠሪያ ነው።

ደሴዋና ጅማዋ አብረው መሆን ከጀመሩ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ለሰው የአክስት ልጆች ነበሩ።

ደሴዋ ሐምራ በሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ በቤት ሠራተኝነት ትሠራ ነበር። በእረፍት ቀኗ ወደ ጅማዋ ትመጣለች፤ ሌላውን ቀን እዚያው ታድራለች። አንድ ቀን ማዳሟ በሩን ከውጭ ቆልፋባት ወደ ተራራ ሄደች። ሁለተኛው ቀን ላይ ደሴዋ አንሶላ ቀጣጥላ በበረንዳው ልትወርድ ሞከረች። ሦስተኛው ፎቅ ጋ ስትደርስ ቋጠሮው ተፈታ። ከዚያ ወዲህ ከወገቧ በታች አይታዘዝላትም፤ አይሰማትምም። ይህ የሆነው እኔ ከመምጣቴ ሰባት ወር በፊት ነው። የነገረችኝን ከሆስፒታል ወረቀቷ ጋር አመሳክሬዋለሁ፤ ይገጥማል።

የምትፈራው አንድ ነገር ነበር። ብቻዋን ወደ ወንድሟ ቤት መላክ። ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም። በየሳምንቱ ይደውላል፤ «ነይ፣ ጓሮ ያለችውን ክፍል እናጸዳልሻለን» ይላታል። ክፍሏን ታውቃታለች። ልጅ ሳለች እግሮቹ የማይንቀሳቀሱ አጎቷ ኖሮባታል። ምግብ ይገባለታል፣ በሩ ይዘጋል። ሲሞት ሬሳውን ያጠቡት ሰዎች ጀርባው ላይ ስላዩት ነገር በሹክሹክታ ሲያወሩ ሰምታለች። «እነሱም ክፉ አልነበሩም» አለችኝ። «የሚያገላብጠው ሰው አልነበረውም፣ በቃ።»

ማገላበጥ የቤታችን ዋና ሥራ ነበር። የማይሰማው አካል እንደተጫነ ከቆየ ቆዳው ከውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ተኝታ ስትሆን በየሁለት ሰዓቱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ በጀርባ፤ ተቀምጣ ስትሆን ደግሞ ወፍራም ስፖንጅ ከሥሯ፣ በየሩብ ሰዓቱ ትንሽ ከፍ ማድረግ። ስፖንጆቹ ሦስት ነበሩ። ጅማዋ ከምታጸዳው ቤት የተጣለ ሶፋ ገፍፋ ያመጣቻቸው ናቸው፤ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሰዋል። ተራችን ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። ጅማዋ ሥራ ስትውል እኔ ነኝ። እኔ ከሌለሁ የሕንፃው ዘበኛ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ጅማዋን «ከየት ጋ ልያዛት?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ባለቤቷ እዚያ ተኝታለች» አለችኝ።

ደሴዋ ከአልጋው ሆና፣ «አዎ፣ ባለቤቷ እዚህ ነኝ። መጀመሪያ እጅሽን አሙቂው። እግሬ አይሰማም እንጂ ትከሻዬ ይሰማል» አለች።

ዘበኛው ሱዳናዊ ነው። ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ባለች ክፍል ይኖራል። እሱም ዜጋ ነው። አዲስ አበባ ዓመት ተኩል በስደት ስለቆየ አማርኛው ይበቃዋል። ደሴዋ ክሊኒክ መሄድ ሲኖርባት ሁለቱን ፎቅ በጀርባው አዝሎ የሚያወርዳትና የሚያወጣት እሱ ነው።

«ዛሬ ከብደሻል፣ ሐቢብቲ» ይላታል።

«አንተ ነህ ያረጀኸው። ቀስ በል፣ ዕቃ አይደለሁም።»

«ዕቃ ብትሆኚማ ደረጃው ላይ አስቀምጬሽ ሲጋራዬን አጨስ ነበር።»

ደሴዋም ተራ ነበራት። ምስር መልቀም፣ ሽንኩርት መክተፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስልክ። በር የተቆለፈባቸው ሴቶች ቁጥሯን ከአንዷ ወደ አንዷ ይቀባበሉታል። ጠዋት ማዳሞቹ ከመነሳታቸው በፊት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማዳሞቹ ሲያሸልቡ ይደውላሉ። በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት፤ እሷም በሹክሹክታ ትመልሳለች፣ የእኛ ቤት ውስጥ የሚሰማት ሰው ያለ ይመስል። መጀመሪያ የምትለው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «በረንዳው ላይ አትውጪ። እኔን ስሚኝ፣ እኔ ወጥቻለሁ።»

በጥቅምት በመንግሥት ላይ ሰልፍ ሲጀመርና መንገዱ በተቃጠለ ጎማ ሲዘጋ ሰርቪስ የሚባለው የጋራ ታክሲም ቆመ። ጅማዋ ያን ቀን ስታጸዳ ከዋለችበት ከሐምራ እስከ ባውሽሪዬ በእግሯ መጣች። ፊቷ ጥላሸት ነበር። ቦርሳዋን ሳታወርድ «ስንት ሰዓት ነው የገለበጥሻት?» አለችኝ። ነገርኳት። እጇን ታጥባ ገባች። ያን ሰሞን ስለ አገሪቱ ብዙ ማስታወሻ ጽፌያለሁ፤ አሁን ሳነበው በብዛት የማገኘው ግን ቀኝ፣ ግራ፣ ጀርባ የሚሉ ቃላትን ነው።

ደሴዋ ጴንጤ ናት። ጸሎት ቤቷ በታክሲ አሥር ደቂቃ የሚርቅ የኪራይ አዳራሽ ነበር፤ ምእመኖቹ ከሞላ ጎደል ቤት ሠራተኞች ናቸው። ፋሻ፣ ፓምፐርስና የሽንት ከረጢት የምናገኘው ከእነሱ ነው። የጸሎት መሪዋ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ሃያ ዓመት የሰው ቤት ያጸዳች ሴት ናት። ደሴዋን ከሆስፒታል ያስወጣቻት እሷ ነበረች። ጅማዋ ኦርቶዶክስ ናት፤ «ጸሎታቸው ጩኸት ይበዛዋል፣ እግዚአብሔር እኮ አይደነቁርም» ትላለች። ግን ፋሻውን ስትቀበል ሁለት እጇን ዘርግታ ነው።

በ2020 የካቲት ላይ የጸሎት መሪዋ፣ እሑድ ከአሥራ ሁለት ሴቶች ጋር ቤት መጥተው ለደሴዋ ሊጸልዩ እንደሆነ አስታወቀች። ከአንድ ወር በፊት ደግሞ ከምእመናኑ አንዷ «እነዚያ ሁለቱ» ብላ ያወራችው ወሬ ደርሶን ነበር። በአገራችን ሁለት ሴት አንድ አልጋ ላይ ብትተኛ ማንም ልብ አይለውም። ያ ወሬ ባይደርሰን እኛም ልብ አንለውም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሦስታችን መኝታ ቤቱ ውስጥ ቆመን (ደሴዋ ተኝታ) ያችን አንድ ሰፊ አልጋ ስናያት ሌላ መሰለችን።

«ጅማዋ ሳሎን ነው የምትተኛው እንበል» አልኩ።

«ሳሎን አንቺ አለሽ። ባለ አንድ ሰው ሶፋ ነው። አይተውታል» አለች ጅማዋ።

«እዚሁ መሬት ላይ ፍራሽ ይነጠፍ» አለች ደሴዋ።

ትርፍ ፍራሽ አልነበረም። ሦስቱን ስፖንጆች አንድ ላይ ገጣጥሜ፣ አረንጓዴ ጠርዛቸውን የማይሸፍን ትንሽ አንሶላ አልብሼ፣ ትራስና ብርድ ልብስ አድርጌ አልጋ ያስመሰልኩት እኔ ነኝ። ጥሩ ሆኖ ወጣ። ጅማዋ ፎጣዋን ራስጌው ላይ ጣል አደረገችበት። ደሴዋ አይታ «በጣም ብቸኛ ሴት ትመስያለሽ» አለቻት፤ ሳቅን።

እሑድ ጠዋት ደሴዋን፣ እንግዶቿን ተቀምጣ እንድትቀበል፣ እዚያው መኝታ ቤት የምግብ ወንበር ላይ አስቀመጥናት። የእንጨት ነው፣ ክንድ ማሳረፊያ የለውም። እንዳትወድቅ ወገቧን በሻርፕ ከወንበሩ ጋር አሰርናት። ስፖንጅ ከሥሯ አልነበረም፤ ስፖንጆቹ አልጋ ሆነው ነበር። አንድ ሰዓት ቢቆዩ ነው ብለን አሰብን። ለዚህ ግምት ምንም መረጃ አልነበረንም።

ሴቶቹ አራት ሰዓት ላይ ገቡ። ቦታ ስለጠበበ ግማሾቹ አልጋው ላይ፣ ግማሾቹ መሬት ተቀመጡ፤ የጸሎት መሪዋን አክብረን የተነጠፈው «አልጋ» ላይ አስቀመጥናት። መዝሙር ዘመሩ። ከዚያ ቆመው ደሴዋን ከበቡ፣ እጃቸውን ጫኑባት፣ ተነሥታ እንድትሄድ ጸለዩ። አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ ትቀበላታለች። ጅማዋ በሩ ጋ እጇን አጣምራ ቆማለች። የአክስት ልጅ መሆን ነበረባት፤ የአክስት ልጅ ጸሎት አቋርጣ በሰው ፊት ወገብ አቅፋ አታነሳም። የግድግዳው ሰዓት ከጸሎት መሪዋ በላይ ተሰቅሏል። አምስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሆነ። ስድስት ተኩል ሆነ። ጅማዋ ሁለት ጊዜ አየችኝ። እኔ ሰዓቱን አየሁ። «ደከማት፣ ትንሽ ትረፍ» ማለት ይቻል ነበር። ብንል ግን ከወንበሩ የምናነሳት ወዴት ነው፤ የምናስቀምጣትስ ምን ላይ ነው፤ ከመሪዋ ሥር አልጋውን ልንጎትት? ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሰው፣ ዳቦና ሻይ ቀማምሰው፣ ስመውን ሄዱ።

ጅማዋ ደሴዋን አስተኝታ ልብሷን ስታወርድ ከጅራት አጥንቷ ላይ የሎሚ ያህል ቀይ ምልክት ነበር። በጣቷ ተጫነችው። ጤነኛ ቆዳ ሲጫኑት ነጣ ብሎ ይመለሳል። አልነጣም።

ሰኞ ጅማዋ ሥራ ስትሄድ ለደሴዋ ነገርኳት።

«ትናንት ሰዓቱን ሳይ ነበር» አልኩ። «አምስት ላይ፣ ስድስት ላይ፣ ስድስት ተኩል ላይ። ዝም አልኩ።»

«ጻፍሽው?»

«አዎ።»

«ያኒ፣ ማለቴ፣ አንቺ ሰው ሲቃጠል እንኳ ስንት ሰዓት ላይ እንደተያያዘ ትጽፊያለሽ።»

«ምን ላድርግ አሁን?»

«ምንም። እኔም አይቻለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ የምጸልይ መሰለሽ? እሷን እያየሁ ነበር።» እሷ ያለቻት ጅማዋን ነው። «ደጋግማ ከበሩ ለቀቅ ትላለች። መጥታ ብታቅፈኝ አያያዟን ያውቁታል። እነሱ እንድነሳ ሲጸልዩ እኔ እሷ ካለችበት እንዳትነቃነቅ ስጸልይ ነበር።»

በሳምንቱ ቀዩ ወደ ጥቁር ተለወጠ። በመጋቢት ተከፈተ። ያኔ ኮሮና ገብቶ ነበር፤ ቁስሉን ያሳየንበት ክሊኒክ በቀጠሮ ብቻ፣ ቀጠሮው ደግሞ በሦስት ሳምንት ሆነ። በስልክ የነገሩንን አደረግን። ውኃ አፍልቶ፣ ጨው ጨምሮ፣ አቀዝቅዞ ማጠብ፤ ፋሻ መቀየር፤ ከጀርባዋ ጨርሶ ማንሳት። ደሴዋ ሰባት ሳምንት በሆዷ ተኛች። ስፖንጆቹ አሁን ከደረቷና ከዳሌዋ ሥር ነበሩ። በክርኖቿ ተደግፋ ስልኳን ትመልሳለች። የሚደውሉት በዝተው ነበር፤ ማዳሞቹ ቤት ስለዋሉ የሚደውሉት ከሽንት ቤት ነው። ቁስሉ አያማትም፤ አይሰማትም። ስለዚህ እየባሰ ወይም እየዳነ መሆኑን የምታውቀው ከእኛ ፊት ነበር። ጅማዋ ይህን ስለምታውቅ ፋሻ ስትፈታ ፊቷን እንደ ግድግዳ ታደርገዋለች። እኔን ሥራዬ አስለምዶኛል፤ መለማመድ አላስፈለገኝም።

በሚያዝያ አንድ ቀን የጸሎት መሪዋ ሳትነግረን መጣች። ከቤት መውጣት የተከለከለበት ቀን ስለነበር ማንም ይመጣል ብለን አላሰብንም። ፋሻ የሞላ ፌስታል ይዛለች። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ቀጥታ ወደ መኝታ ቤት አለፈች። ደሴዋ በሆዷ ተኝታለች። ጅማዋ ከጎኗ እንቅልፍ ወስዷታል፤ እጇ ደሴዋ ማጅራት ላይ ነበር። መሬት ላይ የተነጠፈ ነገር የለም።

የጸሎት መሪዋ ወደ አልጋው ቀረበች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከደሴዋ ሥር ያለውን አረንጓዴ ጨርቅ ነካችው።

«ይሄ ያን ቀን እኔ የተቀመጥኩበት አይደለም?»

«ነው» አልኩ።

«ያን ቀን እሷ ሥር ለምን አልነበረም?»

ጅማዋ ነቅታለች፤ ግን አልተነሳችም። ደሴዋ አንገቷን ሳታዞር መለሰች።

«እትዬ፣ እንዳያዩ ነው።»

«ምኑን?»

«አሁን ያዩትን።»

ወንበሩን፣ ያንኑ የእንጨት ወንበር፣ ስባ ተቀመጠች። ማስኳን ወደ አገጯ አወረደች። «እኔ የማምነውን ታውቂያለሽ» አለች። «ዛሬ አልቀይረውም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ሦስት ሰዓት ተኩል ራስሽ ላይ ጮኽኩ።»

«ድምፅዎ ጥሩ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀችው ጅማዋ ናት። የጸሎት መሪዋ አልሳቀችም። «ቁስሉን አሳዩኝ» አለች። አየችው። እጅጌዋን ሰብስባ ጨው ያለበትን ውኃ ጠየቀች፤ ሃያ ዓመት ዕቃ ያጠበ እጅ ስለሆነ ፍጥነቱ የሚገርም ነበር። ከመሄዷ በፊት ማቀዝቀዣው በር ላይ ያለውን ተራ አንብባ፣ ከታች በራሷ እጅ «ማክሰኞና ዓርብ» ብላ ጨመረች። ለጸሎት ቤቱ ሰዎች ምን እንዳለቻቸው አልጠየቅኳትም። በመጣች ቁጥር ጅማዋን «ልጄ» ትላታለች፤ ስለ ሌላው ነገር አንድም ቀን አላነሳችም። ማክሰኞና ዓርብ ግን አልቀረችም።

በሰኔ መጨረሻ ትኩሳት ጀመራት። ክሊኒኩ ውስጥ ያገኘናት ሐኪም ብረት መሰል ነገር ቁስሉ ውስጥ አስገብታ ጥልቀቱን ለካች፤ አጥንት ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው አለች። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል፤ ከዚያ ረጅም የሆስፒታል መኝታ። ያኔ ዶላር ጠፍቶ፣ ሆስፒታሎቹ በበሽተኛ ተጨናንቀው ነበር፤ እኛ ደግሞ ኢቃማ የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃድ ካጣን ቆይተናል። ሐኪሟ «አገሯ የሚቀበላት ሆስፒታል ካለ ትሂድ» አለች። የጸሎት መሪዋ አዲስ አበባ ውስጥ በምታውቃቸው ሰዎች በኩል አልጋ አገኘች። አልጋው ይያዛል፤ ግን አስታማሚ ያስፈልጋል፤ አስታማሚ ከሌለ ለቤተሰቧ ይነገራል።

ቤተሰብ ማለት ወንድሟ ነው። ደሴዋ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ትራሱ አዞረች።

«ሂጂ፣ እኔ ቦታ ሳገኝ በሚቀጥለው በረራ እመጣለሁ» አለቻት ጅማዋ።

«የሚቀጥለው መቼ ነው?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው አልሄድም።»

«ትሞቻለሽ እኮ።»

«እዚያም ያው ነው። ብቻ እዚያ በር ይዘጋብኛል።»

ሐምሌ ላይ፣ ለተመላሾች በረራ ልናስመዘግባቸው፣ ከጸሎት መሪዋና ከዘበኛው ጋር ሐዝሚዬ ወዳለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ሄድን። በግድግዳው ጥላ ሥር ሴቶች በሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከመኪና አውርደዋቸው የሄዱ አሠሪዎች ነበሩ፤ እዚያ ያሉት ሴቶች ይህን የሚያወሩት ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው። ሱዳናዊው ደሴዋን አዝሎ ከታክሲ አውርዶ፣ ሁለት ስፖንጅ የሚያነጥፍበት ቦታ ፈልጎ፣ በጎኗ አስተኛት። የተጓዥ ስም የሚመዘግበው ወጣት በትሕትና ነበር የሚጠይቀው። የሁለቱም ፓስፖርት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

«አብረዋት የሚሄዱት ምኗ ነዎት?»

«የአክስቷ ልጅ» አለች ጅማዋ።

ወጣቱ የአባቶቻቸውን ስም፣ የትውልድ ቦታቸውን አየ። «የአክስቲቱ ስም ማን ይባላል?»

ሁለቱም እኩል መለሱ። የተለያየ ስም ነው የጠሩት።

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ የአክስቲቱን ስም የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እኔ፣ ሥራዬ ስም ማጣራት የሆነው፣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳቸውም፤ እንደሌለች ስለማውቅ።

ወጣቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እህቶቼ፣ የማላውቀውን አልሞላም» አለ። ቁጣ አልነበረበትም። ከኋላችን የተሰለፉት መገፋፋት ጀመሩ፤ አንዷ «ያላ፣ ቶሎ በሉ! አክስትሽን በኋላ ትፈልጊያታለሽ!» አለች፤ ሳቁ። ጅማዋ አንገቷን ደፍታ ነበር። ደሴዋ «ፓስፖርቴን መልስልኝ» አለች።

የጸሎት መሪዋ ከጎኔ አልፋ ጠረጴዛውን ያዘች።

«ልጄ፣ ዝምድናቸውን አልነግርህም፤ አላውቀውም። የማውቀውን ልንገርህ?»

«ይንገሩኝ፣ እትዬ።»

«ይህችን ልጅ በየሁለት ሰዓቱ የምታገላብጣት እሷ ናት። ቁስሏን የምታጥበው እሷ ናት። እኔ ማክሰኞና ዓርብ አግዛለሁ፤ ሌላውን ቀን ሁሉ እሷ። እናትህ እንዲህ ብትተኛ ማንን ነው አብራት የምትልከው? ስሟ የሚመሳሰለውን?»

«አስታማሚዋ ናት ማለት ነው?»

«አዎ። አስታማሚዋ ናት።»

ጻፈው። ይህን ቃል ለምን አስቀድመን እንዳላሰብነው አላውቅም። ወደ ሆስፒታል ስንደውል ራሳችን ስንሰማው ከርመናል። አገር ቤት የተኛ በሽተኛ ሁሉ አስታማሚ አለው፤ አልጋው ሥር ሰሌን አንጥፋ ታድራለች፤ ምኑ ነሽ የሚላት የለም። እኛ ግን ዘመድ ለመምሰል ስንለፋ ነበር።

የሄዱት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጠዋት ነው። ሱዳናዊው ደሴዋን ለመጨረሻ ጊዜ አወረዳት። ሁለት ጊዜ ቆሞ አረፈ፤ ከዚያ በፊት ቆሞ አያውቅም።

«እዚያ ማን ይሸከምሻል?» አላት።

«ምድር ቤት ነው የምንከራየው። ሥራ ፈታህ።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ጡረታ ወጣሁ።»

ታክሲው ውስጥ አስገብቷት፣ ቀበቶዋን አሰረላት። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። እኔ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው መግቢያ ሸኘኋቸው። ከዚያ ወዲያ የሚያልፈው ተጓዥ ብቻ ነበር። ጅማዋ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋቻት ገቡ። ሁለቱም ዞር አላሉም፤ ሰልፉ ይገፋቸው ነበር።

ቀጥሎ ያለውን በዓይኔ አላየሁም። ሁለቱን ለየብቻ፣ በተለያየ ቀን፣ በስልክ ጠይቄ ነው የጻፍኩት። ጅማዋን የጠየቅኳት አዲስ አበባ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሆና ነው፤ ደሴዋን ከቀዶ ጥገናው በኋላ፣ መናገር ስትችል።

ፓስፖርት ማኅተም የሚመታበት ቦታ ላይ ደሴዋ አለፈች። ጅማዋን አቆሟት። መኮንኑ ወረቀቷን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ደሴዋን በጠባብ ወንበር አድርገው ወደ አውሮፕላኑ ሊወስዱ ሁለት ሠራተኞች መጡ። «አልሄድም፣ አስታማሚዬ አልመጣችም» አለቻቸው። በዐረብኛ ነገረቻቸው፤ ገብቷቸዋል። አንደኛው ሰዓቱን አሳያት። ከወንበሩ ጎማ አንዱን በእጇ ያዘች። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ እሷ ካላለፈች ከኋላዋ ያለ ሰው አያልፍም። ከኋላዋ ከሐዝሚዬ የመጡት ሴቶች ነበሩ። ብዙዎቹ አያውቋትም። አንዷ «ምን ሆና ነው?» አለች። ሌላዋ «የምታገላብጣት ልጅ ተይዛለች» አለቻት። ይህን ማን እንደነገራት አይታወቅም። መጀመሪያ የጠየቀችው ሴት ሻንጣዋን አስቀምጣ ላዩ ላይ ተቀመጠች። ሠራተኛው «ያላ፣ ያላ» ሲል «እግሬን አሞኛል» አለችው። ከጎኗ ያለችውም ተቀመጠች።

ስንት ሴቶች እንደተቀመጡ ሁለቱ አይስማሙም። ደሴዋ ሦስት ናቸው ትላለች፤ ሦስቱን በልብሳቸው ቀለም ነገረችኝ። ጅማዋ ስትመጣ መተላለፊያው ከጫፍ እስከ ጫፍ መሬት ላይ በተቀመጡ ሴቶች ተሞልቶ ነበር ትላለች። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆዩም አይስማሙም። ደሴዋ አንገቷ ወደ ፊት ስለነበር ከኋላዋ ያለውን ሁሉ ላታይ ትችላለች፤ ጅማዋም እየሮጠች ስለመጣች ላታስተውል ትችላለች። ሁለቱንም እንዳሉት ጽፌዋለሁ። የሚስማሙት በሁለት ነገር ነው፤ መኮንኑ ወረቀቱን መልሶ ጅማዋን እንዳሳለፋት፣ አውሮፕላኑም አርባ ደቂቃ ዘግይቶ እንደተነሳ።